ለጋሼ ደምሴ የደረሰች አንድ መስመር

ሰው ጥፋት ሲያጠፋ «ሰይጣን አሳሳተኝ» ይላል። እኔን ያሳሳተኝ ፊልም ነው። ያውም እውነተኛ ሰው የሌለበት፣ አፍንጫቸው የረዘመ እግራቸው የቀጠነ የሥዕል ሰዎች ወዲያና ወዲህ የሚሯሯጡበት፣ ሩብ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ፊልም። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ መቱ ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ የሠራነውን ጉድ ስትሰሙ ለምን እንዳልጠራሁት ይገባችኋል። አንድ አለቃና ሦስት ሠራተኞች ነበርን። አለቃችን ግራዝማች ወልደ ጻድቅ ናቸው፤ ግርማቸው ትልቅ፣ ንግግራቸው ትንሽ። የሚመጣውን ደብዳቤ የሚከፍተውና ባለጉዳይ በኦሮምኛ ሲናገር የሚያስተረጉመው ቶለራ ነው፤ የሁሩሙ አገር ልጅ ነው፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ቀልዱን አይተውም። ለደብዳቤው ቁጥር ሰጥተው መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት ደግሞ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ጋሼ ደምሴ ስድስት ልጅ የሚያሳድጉ፣ ከቤታቸው ወደ ቢሮ ከቢሮ ወደ ቤታቸው እንጂ ሌላ መንገድ የማያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታቸውን ለማግኘት አራት ዓመት ይቀራቸዋል። ከዚያ በፊት ከወጡ ባዶ እጃቸውን ነው የሚወጡት፤ ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፣ በየሳምንቱ በጣታቸው እየቆጠሩ ይነግሩን ነበርና።

እኔ ደግሞ እጽፋለሁ። አባቴ ደብተራ ነበሩ፤ ከሸዋ መጥተው ኢሉባቦር ሲቀሩ ያወረሱኝ መሬት ሳይሆን የእጅ ጽሑፍ ነው። መመካት አይሁንብኝና በዚያ አገር የእኔን ያህል ፊደል የሚያሳምር አልነበረም። የተፈረደበት ባለጉዳይ ሲቆጣ ሲራገም ቆይቶ፣ ውሳኔውን በእጁ ሲይዘው «መቼስ ምን አደርጋለሁ፤ ግን ጽሑፉ ምን ያምራል!» ብሎ የሄደበት ቀን አለ። ከዚህ እጅ በቀር ሌላ ሙያ የለኝም። አንድ ጊዜ እርሻ ልሞክር ብዬ ሁሩሙ የቶለራ አጎት ዘንድ ሄጄ ነበር፤ በሬዎቹ ቀና ብለው አይተውኝ ተመልሰው ተኙ።

ፊልም ለእኛ ምን ማለት እንደነበር ካልነገርኳችሁ ግን የሚቀጥለው አይገባችሁም። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንዲት አረንጓዴ መኪና የመብራት ሞተሯን ጭና ከአዲስ አበባ ትመጣለች። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮት ሁሉ ከየቤቱ በተሰበሰበ ብርድ ልብስ ይሸፈንና በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ይሠራል። መጀመሪያ የታየን ፊልም ስለ ዝንብ ነበር። ዝንቧ ወይፈን አክላ ሸራው ላይ ስትወጣ ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ተነሥተው ወጡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቆሻሻ በየደጁ እንዳይጣል ትእዛዝ መጣ። በሁለተኛው ዓመት የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፈር አየን፤ በወሩ ቆፍሩ ተባልን፣ ያልቆፈረም ሁለት ሁለት ቀን ታሰረ። በሦስተኛው ዓመት ቡና መሬት ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ሲሰጣ አየን፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ትእዛዝ ሆኖ መጣ። እንግዲህ መቱ ውስጥ ፊልም ማለት ይህ ነበር፦ መጀመሪያ ያሳዩሃል፣ ቀጥሎ ያዙሃል። ለመዝናናት ብሎ ፊልም የሚያሳይ መንግሥት ይኖራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በአራተኛው ዓመት መኪናዋ መጣችና የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከምሳ በኋላ አዳራሽ እንዲገባ ተነገረን። ግራዝማች ከፊት ወንበር ላይ፣ እኛ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ስለ ወባ የሚናገረው ፊልም ገና ሳያልቅ ዝናቡ መጣ። የኢሉባቦርን ዝናብ የማያውቅ፣ ያውም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ያልሰማ ሰው፣ ምን ያህል እንደሚያደነቁር ሊገምት አይችልም። ወባው አለቀ። ድምፅ ማጉያውን የያዘው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ሲዘጋ እናያለን፤ ሲስቅም አየነው። ምን እንዳለ ግን አንዲት ቃል አልሰማንም።

ከዚያ ያ የተረገመ ፊልም ጀመረ። ከረባት ያሰሩ የሥዕል ሰዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። አንዱ ይጽፍና ለጎኑ ያቀብላል፤ ያኛው ማኅተም ይመታና ለሌላው ያቀብላል። ቶለራ በክርኑ ጎሸመኝና «እኛን ነው» አለኝ። በሩ ተበረገደና አንድ ማሽን እጅ በእጅ ሆኖ ገባ። ስምንት እጁን ቆጥሬያለሁ። በአንዱ ሲጽፍ በሌላው ማኅተም ይመታል፣ በሦስተኛው ያጥፋል፣ በቀሩት ደግሞ ሰዎቹን በአንገታቸው እያነሣ በመስኮት ይወረውራል። መጀመሪያ የተወረወረው ጸሐፊው ነው። ብዕሩን እንኳ አላስቀመጠም። መጨረሻ ላይ የቀረው መነጽር ያደረገ ራሰ በራ ሽማግሌ መዝገቡን አቅፎ ጠረጴዛው ላይ ሙጭጭ አለ፤ ማሽኑ ከነጠረጴዛው አንሥቶ ወረወረው። አጠገቤ ጋሼ ደምሴ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁና ኪሳቸው ከተቱት።

ከእኛ ጋር የገባው ተማሪ በሳቅ ፈረሰ። እሱስ ይሁን። ያስደነገጡኝ ግን ግራዝማች ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጥርሳቸውን ያላየነው ሰው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሦስታችንም ተያየን።

በማግሥቱ ቢሮ ማንም ሥራ አልጀመረም። ጋሼ ደምሴ የድሮ መዝገቦቻቸውን አወጡና የዝንቡ ትእዛዝ በስንት ቀን፣ የመጸዳጃው በስንት ቀን፣ የቡናው በስንት ቀን እንደመጣ ፈለጉ።

«ግፋ ቢል አንድ ወር ነው» አሉ መዝገቡን ዘግተው። «በወሩ ይደርሳል።»

«ምኑ?» አልኩ፣ እንደማላውቅ ሆኜ።

«ማሽኑ ነዋ! ምኑ ይሆናል?»

ቶለራ «ለእኔ ችግር የለም» አለ። «ማሽኑ ኦሮምኛ እስኪማር ስድስት ወር ይፈጅበታል። እናንተ ናችሁ የምታሳዝኑኝ።» ቀልዱን ነው፤ ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር።

ያኔ ነው ዐዋቂነቴ የተነሣው። አንድ ሐሳብ ሲመጣልኝ ዝም ማለት አልችልም፤ ሚስት ሳላገባ የቆየሁትም በዚሁ ነው ይላሉ። «ማሽን የሚያመጡት ሥራ እንዲፋጠን ነው» አልኳቸው። «እኛ ራሳችን ከፈጠንን ማሽን ምን ሊረባቸው ነው?» ጋሼ ደምሴ አሰቡበትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥራ ተጀመረ።

አንባቢዎቼ፣ መሥሪያ ቤታችን ሰነፍ ነበር ማለቴ አይደለም። ደብዳቤ ግን እንደ ጠላ ሊጠነሰስ፣ ሊብላላ፣ ሊሰክን ይገባዋል ብለን እናምን ነበር። አሁን ግን ጠዋት የመጣ ደብዳቤ ከምሳ በፊት መልስ ያገኝ ጀመር። የዘንድሮውን ስንጨርስ የዓምናውን አወጣን፣ የዓምናው ሲያልቅ የዛሬ አምስት ዓመቱን። አንድ ሰው የወፍጮ ፈቃድ ጠይቆ ነበር፤ ፈቃዱን አሳምሬ ጽፌ ላክሁለት። ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ መንኩሶ ኖሮ ወረቀቱ ገዳም ደረሰው።

የከተማው ሰው መጀመሪያ ተደሰተ፣ ቀጥሎ ደነገጠ። «መንግሥት ምን ነካው?» ይባባል ጀመር። ቢሮው ሊዘጋ ስለሆነ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ጦርነት ሊነሣ ስለሆነ ነው የሚሉም አልታጡም። ሁሉን ያሸነፉት ግን ኦቦ ጉደታ ናቸው። ኦቦ ጉደታ ከቡሬ በእግራቸው እየመጡ ቀፎ ስለሚሰቅሉበት ዛፍ ከጎረቤታቸው ጋር የሚከራከሩ ሽማግሌ ነበሩ። በየሐሙሱ ይመጣሉ፣ ቶለራ በአክብሮት «ቦሩ ኮታ»፣ ነገ ይምጡ፣ ይላቸዋል፣ እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው በረንዳችን ላይ ካለው አግዳሚ ከእኩዮቻቸው ጋር ሲጨዋወቱ ውለው መቱ የተዳረች ልጃቸው ቤት ያድራሉ። ያን ሐሙስ ገና ከመቀመጣቸው ቶለራ ውሳኔውን በእጃቸው አስያዛቸው። ዛፉ የእሳቸው ነው።

«ማል ታታን?» አሉ፣ ወረቀቱን እያገላበጡ። «ምን ሆናችሁ? ታማችኋል እንዴ?»

«ረትተዋል እኮ፣ ኦቦ ጉደታ! ከእንግዲህ መምጣት የለብዎትም» አላቸው ቶለራ።

«እንዴት አልመጣም? ልጄን በምን ሰበብ ላያት ነው? ባሏ ያለ ጉዳይ ሲመጣበት የማይወድ ሰው ነው!» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት። «ይግባኝ እላለሁ።» በገዛ ድላቸው ላይ ይግባኝ ያለ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ጋሼ ደምሴም ቁጥር ሰጡት።

ሣጥኑ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ግራዝማች ለድንበር ጉዳይ ቡሬ ወርደው ነበር። ጠዋት ስንገባ ግቢያችን መሐል በሸራ የተሸፈነ፣ ቁመቱ ደረቴ የሚደርስ የእንጨት ሣጥን ቆሟል፤ ጎኑ ላይ የፈረንጅ ፊደልና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀይ ቀስት አለበት። ዘበኛውን ጠየቅነው።

«በደሌን አልፎ የመጣ የጭነት መኪና ነው ያራገፈው» አለ። «ማሽን ነው፣ ዝናብ እንዳይነካው፣ በደንብ ጠብቀው አሉኝ።»

«የማን ነው አሉህ?»

«ይህን አልጠየቅሁም። ግቢው የመንግሥት፣ ሣጥኑ እግቢው ውስጥ፤ ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

ቶለራ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ጋሼ ደምሴ አልቀረቡትም፤ በሩቁ ዞረው ገቡ። የእኔን ሞኝነት ልደብቃችሁ አልችልም፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስገባ ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ ለሣጥኑ እጅ እነሣ ነበር። ነገ አለቃዬ ሊሆን ይችላል፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ቢቀየመኝስ?

ፍጥነታችን እንዳላዳነን ስናይ አቤቱታ እንጻፍ አልኩ። ይህም ሐሳብ የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍልም። ግራዝማች ስለሌሉና ጊዜ ስለሌለን በቀጥታ ጎሬ ላለው የበላይ መሥሪያ ቤት እንዲሄድ ተስማማን። ማሽን የማይችለውን፣ እኛ ብቻ የምንችለውን ሥራ በዝርዝር ልንገልጽ ነው። ጥሩ ወረቀት ሦስት ሉክ ብቻ ቀርቶን ነበር። ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ከራሴ ጀመርኩ፤ ብዕሩ በእጄ ስለነበር ነው። ቀለም እንዴት እንደማቀጥን፣ ኅዳግ እንዴት እንደምለካ፣ የሥልጣን ስም ሲመጣ ፊደሉን እንዴት ከፍ እንደማደርግ፣ ረቂቁን ጽፌ አንብቤ ሰርዤ ደግሜ፣ ሦስት ጊዜም ገልብጬ እንደምጨርስ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። እየጻፍኩ ሳለሁ ለራሴ አዘንኩ፤ ይህን ሁሉ መከራ መቀበሌን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ቀና ስል ሁለቱ ሉክ አልቋል። ለቶለራ ሦስተኛውን ሰጠሁት፤ ከፍቶ፣ አንብቦ፣ አስተርጉሞ፣ አስታርቆ የሚለው እየሰፋ ሄዶ ከግርጌ አንዲት መስመር ቀረች።

«ጋሼ፣ ወረቀት እንግዛ?» አልኩ።

ጋሼ ደምሴ ከመዝገባቸው ሳይነሡ «ምን ያደርጋል?» አሉ። «የጎሬው መኪና ሊነሣ ነው። ለእኔ አንድ መስመር ይበቃኛል።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦ «አቶ ደምሴም ቁጥር ይሰጣሉ።»

ድሮ ቢሆን ያ አቤቱታ ከመሳቢያ ሳይወጣ ወር ይከርም ነበር። አሁን ግን ፈጣኖች ነን። ቁጥር ተሰጠው፣ ታሸገ፣ ቶለራ እየሮጠ ለሾፌሩ አደረሰው። ቁጥሩን የሰጡት ራሳቸው ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ መምጠጫ ወረቀት ሲጫኑበት አይቻለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ለሣጥኑ እጅ ነሥቼ ገና ቀና ሳልል ከኋላዬ አንድ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደሩ!» አለኝ። ዘወር ስል አንድ የቡሬ ነጋዴ ባርኔጣውን አውልቆ እሱም ወገቡን ሰብሮ እጅ እየነሣኝ ነው። ለእሱ ያደረግሁት መስሎታል።

«የቡና መፈልፈያዬን ጠበቃችሁልኝ» አለኝ። «ጭቃው መኪናውን ቢይዘው ጭነት እናቅልል ብለው እዚህ አራገፉት። አጥር ያለው ግቢ የእናንተ ብቻ ነው። መቼም ውለታችሁን አልረሳም!»

አራት ሰዎች ሣጥኑን ከፈቱት። መዘውርና ጉሮሮ ያለው የቡና መፈልፈያ ነው። እጅ የሚባል ነገር የለውም። ቶለራ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ያን ፊልም ያሳየንንም ሰውዬ በሰዎች በኩል አስጠይቀን ነበርና መልሱ በዚያው ቀን ደረሰን፦ «ከወባው በኋላ ትንሽ ሳቁ ብዬ ነው ያሳየኋችሁ፤ ተናግሬም ነበር።»

አቤቱታው ትዝ ያለኝ ሳቃችን ሲያልቅ ነው። በቅሎ ተውሼ ወደ ጎሬ ገሠገሥኩ። መንገዱን ስለምታውቁት አልተርክላችሁም፤ ለማያውቁት ደግሞ ቢተረክም አያምኑም። ጉልበቴ ድረስ በጭቃ ተለስኜ፣ ጎሬን በጭጋጓ ውስጥ ፈልጌ አገኘኋትና የበላይ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ገባሁ። ልቤ ተረጋግቶ ነበር፤ ጎሬ ለደብዳቤ ቁጥር እስኪሰጥ ቢያንስ ሁለት ወር እንደሚፈጅ አውቃለሁና።

«የትናንቱን የመቱ አቤቱታ ለመመለስ መጥቼ ነበር» አልኩት መዝገብ ያዡን።

«ትናንት ገባ፣ ትናንት ተመራ፣ ዛሬ ጠዋት ተወሰነ» አለኝ፣ ቀና ሳይል እየጻፈ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ዙሪያውን ሳይ ሁሉም አቀርቅሮ ይጽፋል፤ የሚያዛጋ እንኳ የለም።

«እንዴት እንዲህ ፈጠናችሁ?» አልኩ።

ግራና ቀኝ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ፊልሙን አላያችሁም?» አለኝ።

መልሱ እኔን ቀድሞ መቱ ደረሰ። በማግሥቱ ከሰዓት ቢሮ ስገባ ቶለራ ከፍቶ አንብቦት ደብዳቤውን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። ለቅሶ ቤት እንኳ የማይተወውን ቀልድ ትቶ ሳየው ፈራሁ። ሥራ ሥራ ነውና ደብዳቤው ወደ ጋሼ ደምሴ ማለፍ ነበረበት፤ አሳለፈላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ ለእኔ አቀበሉኝና «ግራዝማች ሲመለሱ አግባላቸው» አሉ።

ደብዳቤው «በቀረበው ዝርዝር መሠረት የጸሐፊውና የአስተርጓሚው ሥራ ከባድ መሆኑ ታውቋል» ይላል። «ቁጥር መስጠት ግን ጸሐፊው ደርቦ ሊሠራው የሚችል ስለሆነ፣ አቶ ደምሴ ከመጪው ወር ጀምሮ እንዲሰናበቱ የስንብት ደብዳቤ ተጽፎ ይሰጣቸው።»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ማሽን የሚባል ነገር መቱ አልመጣም። ማንም ማንንም ሊያሰናብት አላሰበም ነበር። ሦስት ሰዎች መሆናችንን እንኳ ጎሬ የምታውቅ አይመስለኝም። እኔ ነኝ በገዛ እጄ፣ በዚያ በምኮራበት እጄ፣ ለራሴ ሁለት ሉክ ሙሉ፣ ለእሳቸው አንዲት መስመር የጻፍኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አይ፣ ወረቀቱ አልቆ ነው እንጂ» አሉ። የቀለም ብልቃጣቸውን ክዳን አጥብቀው ዘጉና እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ። አራት ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ከተቱት። ሰውን እንዲህ አዋርጄ አላውቅም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ግራዝማች ከቡሬ ተመልሰው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አቤቱታችንንም ጎሬ አያይዛ ልካላቸው ነበርና እሱንም አነበቡት፤ የእኔን ሁለት ሉክ ሲያነቡ ቅንድባቸው ከፍ ይልና ዝቅ ይል ነበር። ጠረጴዛቸው ፊት ቆሜያለሁ። በጋሼ ደምሴ ፈንታ የምሰናበተው እኔ እሆን ዘንድ ልለምናቸው አስቤ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ጀግንነቱ እግሬ ድረስ ደርሶ አፌ ላይ ሳይደርስ ቀረ።

«የስንብቱን ደብዳቤ ጻፍ» አሉኝ በመጨረሻ።

«እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀት ዘረጋሁ፣ ብዕሬን ነከርኩ። «ለአቶ» ብዬ ጻፍኩና የ«ቶ»ን ጭራ አየሁት። አልጣመኝም። ወረቀቱን ቀደድኩት። በማግሥቱ እንደገና «ለአቶ» ብዬ ጻፍኩ፤ አሁን ደግሞ ቀለሙ ቀጥኖብኛል። የሚቀጥለውን ሳምንት ኅዳጉን ስለካ ዋልኩ። ጋሼ ደምሴ በየጠዋቱ መጥተው ቁጥራቸውን እየሰጡ ወደ እኔ ጠረጴዛ አሻግረው ያያሉ። «ደረሰ?» ይሉኛል። «ነገ፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ የምቀልድ መስሏቸው ተቆጡ፤ በሦስተኛው ሳምንት መጠየቁን ተዉ።

በሁለተኛው ወር ጎሬ ደብዳቤው ምን ላይ እንደደረሰ ጠየቀች። ቶለራ ከፈተው፣ ጋሼ ደምሴ ቁጥር ሰጡት፣ እኔ «በመጻፍ ላይ ነው» ብዬ መለስኩ፤ ለዚያችም መልስ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ጎሬም የፊልሙ ድንጋጤ ስለለቀቃት የሚቀጥለውን ጥያቄ የላከችው ዓመት ከመንፈቅ ቆይታ ነው።

አንድ ቀን ግን ከጎሬ የመጣ ተቆጣጣሪ በሁላችን ፊት ነገሩን አነሣ። ግራዝማች ጠሩኝ።

«ያ የስንብት ደብዳቤ የት ደረሰ?»

ጋሼ ደምሴ መዝገባቸው ላይ አቀረቀሩ። «ሁለተኛው ቃል ላይ ነኝ፣ ጌታዬ» አልኩ።

ግራዝማች አዩኝ። ተቆጣጣሪውም አየኝ። ቶለራ ጣሪያውን ያያል።

«አትቸኩል» አሉኝ ግራዝማች። «ስህተት አልወድም።»

አልቸኮልኩም። እንዲያ ስጽፍ፣ ስቀድ፣ ስለካ አራቱ ዓመት አለቀ። ጋሼ ደምሴ ጡረታ የሚወጡበት ቀን ሲደርስ ገና ጎሕ ሲቀድ ቢሮ ገባሁና የጡረታቸውን ደብዳቤ ሰው ሳይመጣ ጻፍኩት፤ ሁለት ሉክ ሙሉ ነው።